ዓመት በዓልን በሰው አገር ስለ ማክበር

በአገር ቤት ዓመት በዓል ራሱ ይመጣል እንጂ ሰው አያመጣውም። ነሐሴ አልፎ ጳጉሜን ሲገባ ዝናሙ ይቀላል፤ ሜዳው አደይ አበባ ይለብሳል፤ ባላገሩ በጉን እየነዳ ወደ ከተማ ይገባል፤ ከየጓዳው የሽንኩርትና የድልህ ሽታ ይወጣል፤ ሕፃናቱም ማንም ሳይነግራቸው ቀኑን ይቈጥራሉ። የቤቱ ጌታ ቢረሳ ጎረቤት ያስታውሰዋል፤ ጎረቤት ቢረሳ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ያስታውሰዋል። ከአገሩ ወጥቶ በሰው አገር ለሚኖር ግን ከነዚህ ሁሉ አንዱ እንኳ አይገኝለትም። መስከረም 1 ቀን በዋሽንግተን ወይም በለንደን ወይም በስቶክሆልም እንደ ማናቸውም ቀን ይነጋል፤ ባቡሩ በሰዓቱ ይሄዳል፤ ተማሪ ቤቱም በሰዓቱ ይከፈታል፤ የመንገዱ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ወደ ሥራው ይሮጣል። በዚያ አገር በዓሉ በቤት ውስጥ ካልተሠራ በቀር የትም አይገኝም።

የዚህ ዓምድ አንባቢዎች አብዛኞቹ ወይ ልጅ ወይ ወንድም ወይ እኅት በውጭ አገር ያሏቸው ናቸው፤ በመንግሥት ሥራ ተልከው ራሳቸው በውጭ አገር የሚቀመጡም ጥቂቶች አይደሉም። ስለዚህ ዛሬ ስለዚህ ነገር የምናስበውን ልንጽፍ ወደድን። ስለ ኤምባሲ ግብዣ አንናገርም፤ እርሱ የመንግሥት ክብር ነው፤ ሥርዓቱም የታወቀ ነው። የምንናገረው ሦስትና አራት ነፍስ በሚኖርባት ጠባብ ቤት ውስጥ፥ ባል በአንድ ሰዓት ሚስትም በሌላ ሰዓት ወደ ሥራ በሚወጡበት ኑሮ፥ ዓመት በዓል እንዴት ይውላል ስለሚለው ነገር ነው።

በነዚህ ቤቶች በዓል በደረሰ ቍጥር የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «በዕለቱ እናክብረው ወይስ ወደ ቅዳሜ እናዙረው?» ይባላል። ጥያቄው የስንፍና ጥያቄ አይደለም። ታክሲ የሚነዳው አባት አንድ ቀን ሲቀር ለቤት ኪራይ ያሰበው ገንዘብ ይጐድላል፤ በሆስፒታል ሌሊት ተረኛ የሆነችው እናት ተራዋን ለማስለወጥ አስቀድማ መለመን ይኖርባታል፤ ልጆቹም ከትምህርት ቢቀሩ ምክንያቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ይጠየቃሉ። ስለዚህ ብዙ ሰዎች ቅዳሜን መርጠው በሰፊ አዳራሽ ይሰበሰባሉ፤ የመግቢያ ዋጋ ይከፈላል፤ ዘፋኝ ይመጣል፤ እስከ እኩለ ሌሊትም ይጨፈራል። መሰብሰቡን አንነቅፍም፤ ዓመቱን ሙሉ ያልተያየ ወዳጅ የሚተያየው በዚያ ነው። ነገር ግን በዚያ አዳራሽ ውስጥ ልጆቹ የት እንዳሉ ዞር ብሎ የተመለከተ ሰው፥ በግድግዳው ጥግ ወንበር ላይ እንቅልፍ ጥሏቸው ወይም በእጅ ስልካቸው ላይ አቀርቅረው ያገኛቸዋል። ለነርሱ ዕንቍጣጣሽ ማለት ድምፁ የበዛ ቅዳሜ ነው። ዐድገው ለራሳቸው ሲበቁ ያንን ቅዳሜ ይተዉታል፤ ቢተዉትም አይፈረድባቸውም፤ የተዉት ነገር ምን እንደ ሆነ ማንም አላሳያቸውምና።

የኛ አሳብ እንዲህ ነው። ግብዣው ወደ ቅዳሜ ይዙር፤ ዕለቱ ግን አይዙር። ይህንንም ማለታችን፥ ሰው የሚጠራበትና ብዙ ወጥ የሚሠራበት ድግስ ለሥራ ሲባል ሁለትና ሦስት ቀን ቢዘገይ ጉዳት የለውም፤ በዓሉ የሚውልበት ንጋት ግን በዚያው በራሱ ንጋት በቤት ውስጥ መታወቅ አለበት ለማለት ነው። ለዚህም አንድ ሰዓት ይበቃል። ከወትሮው አንድ ሰዓት ቀድሞ መነሣት ነው። ጧፍ ወይም ሻማ ይበራል፤ ነጭ ልብስ ይለበሳል፤ በዋዜማው የተጋገረውን ዳቦ አባት ባርኮ ይቈርሳል፤ ቡናው ይፈላል፤ ታናሽ ከታላቁ ፊት ቀርቦ «እንኳን አደረሰዎ» ይላል፤ ታላቁም ይመርቀዋል። ከዚያ በኋላ አባት ወደ ታክሲው፥ እናት ወደ ሆስፒታልዋ፥ ልጅም ወደ ትምህርቱ ይሂድ። ልጁ በዚያን ቀን በክፍሉ ውስጥ ሲቀመጥ፥ በዙሪያው ያሉት ጓደኞቹ የማያውቁትን አንድ ነገር የሚያውቅ ሆኖ ይውላል። ይህ ነገር ለልጅ ቀላል አይደለም፤ ምስጢር ያለው ልጅ የሚኰራ ልጅ ነው።

ልጆች ግን መጠየቃቸው አይቀርም። የነርሱ ገና ካለፈ ከ13 ቀን በኋላ የኛ ገና ይመጣል፤ በዚያን ጊዜ ያጌጡት ዛፍ ደርቆ ከየደጁ ተጥሎ ይታያል፤ ተማሪ ቤቱም ከዕረፍት ተመልሶ ተከፍቷል። ልጁ «ገና ካለፈ ሰነበተ፤ እኛ ለምን እንዘገያለን?» ይላል። «እንዲያው ነው» ብሎ መመለስ ልጁን የዘገየ ሰው ልጅ ያደርገዋል። ስለዚህ ወላጆች ምክንያቱን አስቀድመው ቢያውቁት መልካም ነው። ኤውሮፓውያን በራሳቸው አቈጣጠር በ1582 ዓመት፥ በሮማው ሊቀ ጳጳሳት በጎርጎርዮስ 13ኛ ትእዛዝ፥ ከመቍጠሪያቸው 10 ቀን ዘለሉ፤ እኛ የቀደመውን ይዘን ቀረን፤ በዘመን ብዛትም ልዩነቱ ዛሬ 13 ቀን ደርሷል። ስለዚህ የዘገየነው እኛ አይደለንም፤ የዘለሉት እነርሱ ናቸው። ልጁ ይህን በክፍሉ ውስጥ ቆሞ ቢናገር መምህሩም ደስ ይለዋል እንጂ አይቈጣውም።

በዚሁ ላይ ሳለን አንድ ጥንቃቄ እናሳስባለን። በውጭ አገር የሚኖሩ ብዙ ሰዎች «ዕንቍጣጣሽ ማለት ሴፕቴምበር 11 ነው» ብለው አንድ ጊዜ ጽፈው በግድግዳ ይለጥፋሉ። በሦስቱ ወንጌላውያን ዘመን እውነት ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን፥ ያለፈው የሉቃስ ዓመት ጳጉሜን 6 ቀን ስለ ሆነች፥ ዕንቍጣጣሽ በሴፕቴምበር 12 ይውላል። በ2016 ዓ.ም. እንዲህ ሆኖ ነበር፤ በ2020 ዓ.ም.ም እንዲሁ ነው። ገና ግን በነርሱ መቍጠሪያ ሁልጊዜ ጃንዩወሪ 7 ይውላል፤ በዘመነ ዮሐንስ አባቶቻችን ታኅሣሥ 29 መሆኑን ትተው በታኅሣሥ 28 የሚያከብሩት ስለዚሁ ነው። ጥምቀት ደግሞ ጥር 11 ቀንን ስለማይለቅ በዘመነ ዮሐንስ አንድ ቀን ወደ ፊት ይሄዳል። ፋሲካስ ምንም ሊለጠፍ አይቻልም፤ በ2016 ዓ.ም. የምዕራቦቹ ፋሲካ መጋቢት 22 ቀን ሲሆን የኛ ሚያዝያ 27 ቀን ነበረ፤ በ2017 ዓ.ም. ግን ሁለታችንም በአንድነት ሚያዝያ 12 ቀን አከበርን። ስለዚህ ለልጆቻችሁ ከአገር ቤት የምትልኩት ዕቃ ሁሉ ቢቀር እንኳ በየዓመቱ አንድ የአማርኛ የቀን መቍጠሪያ አትንፈጓቸው።

ዕለትን መጠበቅ ምን ያህል ኀይል እንዳለው የሚያሳይ ምስክር ከወገኖቻችን መካከል አለን። ቤተ እስራኤል በጎንደር አውራጃ ሲኖሩ፥ ከማስተስረያ ቀን ጀምሮ 50 ቀን ቈጥረው፥ ጾመው ወደ ተራራ ይወጡ ነበር፤ ቄሶቻቸውም ኦሪቱን በግዕዝ ያነቡላቸው ነበር፤ ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም መልሰው ከሰገዱና ከጸለዩ በኋላ ከሰዓት በኋላ ወርደው ጾማቸውን በዳቦ ይፈቱ ነበር። ስሙም ከዚያው ከመስገዱ «ሲግድ» ተባለ። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ተወስደው በናፈቋት አገር ሲገቡ፥ «እንግዲህ ደርሰናልና የናፍቆቱ በዓል ይቅር» ለማለት ምክንያት ነበራቸው። አላሉም። ዛሬ በየዓመቱ ከአገሩ ማዕዘን ሁሉ ተነሥተው ወደ ኢየሩሳሌም ይመጣሉ፤ ቄሶቹም በኅብረ ቀለም ጥላቸው ሥር ሆነው በኮረብታው ላይ በግዕዝ ይጸልያሉ። ሰንበት ሲያስገድድ ቀኑ ወደ ሐሙስ የሚቀደምበት ጊዜ አለ፤ ይህ ግን ለበዓሉ ክብር የተደረገ እንጂ ለሥራ ምቾት የተደረገ አይደለም። እንዲህ አጥብቀው ስለ ያዙት በ2000 ዓ.ም. የእስራኤል ምክር ቤት ሲግድ የአገሩ በዓል እንዲሆን በሕግ ደነገገ። ከጎንደር ተራራ የመጣ በዓል በሌላ አገር የሕግ መጽሐፍ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ሌላም ምሳሌ ለአንባቢዎቻችን ቅርብ የሆነ አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጠላት ወረራ ዘመን ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደው፥ ከቤተ ሰባቸውና ከተከተሏቸው ሰዎች ጋራ በባዝ ከተማ «ፌርፊልድ» በሚባለው ቤት እስከ 1932 ዓ.ም. ድረስ ሲቀመጡ፥ ገንዘቡ አጥሮ፥ ብርዱም በርትቶ ሳለ፥ በግቢያቸው የጸሎት ስፍራ አበጅተው ነበር። በስደት ላይ ያለ ቤተ ሰብ ዓመቱን በአገሩ በዓላት መቍጠሩን ከተወ፥ ወደ አገሩ የሚመለስበትን ቀንም መቍጠር ይተዋል። እነርሱ ቈጠሩ፤ በ1933 ዓ.ም.ም ተመለሱ።

ወደ ማድ ቤቱ እንግባ፤ በእውነቱ የበዓል ግማሹ ያለው በዚያ ነውና።

እንጀራ እንደ ዱሮው አያስቸግርም። የጤፍ እህል ከአገራችን እንዳይወጣ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ለብዙ ጊዜ ታግዶ ቢቈይም፥ የተጋገረ እንጀራ ግን በአውሮፕላን ሲላክ ኖሯል፤ በአሜሪካም ኢዳሆ በሚባለው ክፍል ጤፍ ይበቅላል። ለበዓል ቀን ግን እንጀራው በቤት ቢጋገር እንመርጣለን፤ ልጅ የእንጀራን ዐይን ከምጣዱ ላይ ሲወጣ ካላየ፥ እንጀራ ከሱቅ በላስቲክ ተጠቅልሎ የሚወለድ ይመስለዋል። የሚያስቸግረው ብርዱ ነው። በክረምታቸው ሊጡ በሁለት ቀን አይቦካም፤ እርሾውን ከበዓሉ 4 ቀን አስቀድሞ መጣልና ማቡኪያውን እሳቱ በጠፋ ምድጃ ውስጥ፥ መብራቱን ብቻ አብርቶ ማሳደር ሙቀቱን ይጠብቅለታል።

ዶሮው ግን ብልኀት ይፈልጋል። በውጭ አገር ሱቅ የሚሸጠው ዶሮ ገና በ6 ወይም በ7 ሳምንቱ የታረደ ጫጩት ነው፤ በኛ ወጥ አሠራር ከመጀመሪያው ጀምሮ ቢበስል ሥጋው ከአጥንቱ ተለይቶ ይፈርሳል፤ እንግዳም ፈረሰኛውን ከመላላጫው ለይቶ ሊያውቅ አይችልም። መድኀኒቱ ሁለት ነው። አንደኛው ዕንቍላል መጣል ያቆመች አሮጌ ዶሮ ፈልጎ መግዛት ነው፤ የእስያ ሰዎች በሚነግዱበት ገበያ ትገኛለች። ሁለተኛው ቁሌቱን ለብቻው አብስሎ መጨረስ ነው፤ ሽንኩርቱ ያለ ዘይት በዝግታ እየተማሰለ ቀልጦ፥ በርበሬው ገብቶ፥ ንጥር ቅቤው ገብቶ፥ እንደ ድልህ ከሆነ በኋላ ዶሮውን በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት መጨመር ነው። መከለሻው ከእሳት ሊወርድ ሲል ይነሰነሳል። በዚህ ላይ የምናጠብቀው አንድ ነገር ዶሮው ተቈራርጦ የተሸጠ እንዳይሆን ነው። የነርሱ ሱቅ ዶሮን በስምንት ይከፍለዋል፤ እኛ በዐሥራ ሁለት እንከፍለዋለን፤ በሐዋርያት ቍጥር ነውም ይባላል። ሙሉ ዶሮ ተገዝቶ እናት በልጅዋ ፊት ብልቱን እየጠራች ልታወጣው ይገባል። የብልቶቹ ስም በመጽሐፍ ተጽፎ አይማሩትም፤ ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚሄደው፤ በአንዱ ቤት በአንድ ትውልድ ከተቋረጠ በዚያ ቤት ጠፋ ማለት ነው።

ለድፎ ዳቦ ኮባ አይገኝም፤ ነገር ግን የሙዝ ቅጠል በበረዶ ተደርጎ ይሸጣልና እርሱን በሙቅ ውሃ አለስልሶ መጠቅለል ነው፤ ሽታው ወደ ኮባው ይቀርባል። ጌሾ በሀበሻ ሱቅ ስለማይታጣ ጠላና ጠጅ የሚያውቅ እጅ ብቻ ይፈልጋሉ። በግ በግቢ ማረድ በብዙ ከተማ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ይህንን ሳያውቁ የጀመሩ ሰዎች በዳኛ ፊት እንዳይቆሙ እንመክራለን። በዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ወገኖቻችን ወደ ገበሬ ዘንድ ወጥተው፥ በተፈቀደ ስፍራ በሬ አሳርደው ቅርጫ ሲካፈሉ ይታያሉ። እጅግ የወደድነው ነገር ነው፤ ቅርጫ ሥጋ ብቻ አይደለምና፤ ማን ከማን ጋራ እንደሚኖር የሚታወቅበት ነው።

ስለ ጢስም ሳንናገር አናልፍም። በሰው አገር ቤቶች ጣራ ላይ ጢስ ሲሸተው የሚጮህ መሣሪያ ተሰቅሏል፤ ቡና ሲቈላና ዕጣን ሲጤስ ይጮኻል፤ ፎቁ ሁሉ ይታወካል፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞችም ሊመጡ ይችላሉ። አንዳንድ ሰዎች ከዚህ የተነሣ ዕጣኑን ትተውታል። ዕጣን ከመተው መስኮት መክፈት ይሻላል፤ ቡናው በመስኮቱ አጠገብ ይቈላ፤ ዕጣኑም በጥቂቱ ይደረግ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን፥ በዋዜማው ማታ የጎረቤቱን በር አንኳኵቶ «ነገ በአገራችን ዓመት በዓል ነውና የወጥና የዕጣን ሽታ ቢደርስዎ አይክፋዎ» ብሎ አንድ ቍራሽ ዳቦ መስጠት ነው። ሽታው ከመድረሱ በፊት ዳቦው የደረሰው ጎረቤት እምብዛም አይከስም። በአገራችንስ በዓል ያለ ጎረቤት መቼ ተውሎ ያውቃል? ከጎረቤት ተደብቆ የሚከበር በዓል በልጅ ዘንድ የሚያሳፍር ነገር መስሎ ይታያል፤ እናቱ መስኮቱን ዘግታ፥ ሽታውን በመድኀኒት አጥፍታ፥ እንግዳ ሲመጣ ሳህኑን ስታነሣ ያየ ልጅ፥ ነገ ምሳውን በጓደኞቹ ፊት አይከፍትም።

ችቦና ደመራ በቤት ውስጥ አይሆኑም፤ በደጅም ቢሆን ያለ ከተማው ሹም ፈቃድ እሳት ማንደድ አይቻልም። ስለዚህ ደመራው የቤተ ክርስቲያኑ ማኅበር ፈቃድ አውጥቶ በአንድነት የሚያደርገው ይሁን። በቤት ግን ለልጆች የሚቀር ብዙ ሥራ አለ። ሴቶቹ ልጆች «አበባየሆሽ»ን፥ ወንዶቹም በቡሄ የሚጨፍሩትን ይማሩ፤ ቃሉን ባይረዱት እንኳ በአፋቸው ይቅደም፤ ትርጓሜው ይከተላል። አደይ አበባ ከኛ ደጋ ሌላ በዚያ ጊዜ የሚያብብበትን ስፍራ አናውቅም፤ ይሁን እንጂ ቢጫ አበባ የማይሸጥበት ከተማ የለም። ወንዶች ልጆች በዕንቍጣጣሽ አበባና መልአክ በወረቀት ስለው ለዘመድና ለጎረቤት ማደላቸው በሰው አገር ከሁሉ ይልቅ የሚቀናው ልማዳችን ነው፤ የቀለም እርሳስና ወረቀት ብቻ ይፈልጋልና። ከሥዕሉ ሥር «እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ አሸጋገረዎ» ብሎ እንደ ዘመኑ በፊደላችን ይጻፍበት። አራቱን ወንጌላውያን በተራ፥ ፊደሉንም ከነቅርጹ፥ ልጁ በዚያች ወረቀት ላይ ይማራቸዋል። የእሑድ ተማሪ ቤት በአንድ ዓመት የማይደርስበትን አንድ ዋዜማ ያደርሰዋል።

በዚህ ሁሉ የተናገርነው ስለ ቤተ ሰብ ነው። ብቻውን ያለውስ? በተማሪነት ሄዶ በኪራይ ክፍል የሚኖረው ወጣት በበዓል ቀን ከማናቸውም ቀን ይልቅ ብቻውን ነው። በዚያ ከተማ ያላችሁ ባለ ትዳሮች፥ በገበታችሁ ላይ አንድ ወንበር ለእንደዚህ ያለው ሰው ብትተዉ፥ ወጡ አይጐድልባችሁም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን በዐረብ አገር በሰው ቤት የሚያገለግሉት እኅቶቻችን ነገር ነው። ከነርሱ መካከል እስላም የሆኑት በኢድ ቀን ቢያንስ አገሩ ሁሉ ከነርሱ ጋራ ያከብራል፤ ምንም እንኳ የሥራው ብዛት በዚያ ቀን ዕጥፍ ቢሆንባቸው። ክርስቲያኖቹ ግን ገናና ፋሲካ ሲደርስ ዕረፍት የላቸውም፤ ብዙዎቹም ከቤቱ በር ለመውጣት ፈቃድ የላቸውም። ሌላው ሲበላ ጾማቸውን በስውር ይጾማሉ፤ ጾሙም ሲፈታ የሚፈቱበት እንጀራ የለም። በትንሣኤ ሌሊት ከማድ ቤቱ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፥ ድምፁን ዝቅ አድርጋ በእጅ ስልክዋ የአገርዋን ቅዳሴ የምትሰማ ሴት፥ በዓልን አላከበረችም የሚል ሰው ካለ እኛ አንስማማም። ይህች ሴት በማግሥቱ ለአገር ቤት ስልክ ትደውላለች።

ስለዚያ ስልክ ለአገር ቤት ሰዎች የምንለው አለን። የበዓል ሰሞን በውጭ አገር ላለ ሰው ገንዘብ የሚጠየቅበት ሰሞን ሆኗል። በጉ ተወደደ ይባላል፤ ቅቤው ተወደደ ይባላል፤ የልጁ ልብስ አልተገዛም ይባላል። ነገሩ ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ገንዘቡም በደስታ ይላካል። ነገር ግን ይህ ከበዓሉ ሁለት ሳምንት በፊት ይነገር እንጂ በዕለቱ አይነገር። በዕለቱ ስልኩ ሲደወል አስቀድሞ «እንኳን አደረሰሽ፤ ምን በላሽ? ከማን ጋራ ዋልሽ?» ተብሎ ይጠየቅ። እናት በሕይወት ካለች ምርቃቱን ሳታሳጥር ትመርቅ፤ ከዚያም ስልኩ በቤቱ ውስጥ ይዙርና የሕፃናቱ ጫጫታ፥ የረከቦቱ ድምፅ፥ የጎረቤቱ ሰላምታ ይሰማ። በዐረብ አገር ያለችው ሴት የምትሻው ይህንኑ ነው። ወደ አሜሪካ የምትደውሉ ደግሞ ሰዓቱን አስቡ። በዕንቍጣጣሽ ጠዋት በአዲስ አበባ 12 ሰዓት ሲሆን በዋሽንግተን ገና የዋዜማው ሌሊት 5 ሰዓት ነው፤ በገና ጠዋት ደግሞ ከሌሊቱ 4 ሰዓት ነው። ስለዚህ አገር ቤት ሲነጋ የተደወለ ስልክ በዚያ ያሉትን ከመተኛታቸው በፊት ያገኛቸዋል፤ በዓሉን ከእናታቸው አፍ ሰምተው ይተኛሉ፤ ሲነሡም ዕለቱ የነርሱ ይሆናል።

የሚላከውን ዕቃ በሚመለከት፥ ቅቤና ቋንጣ አትላኩ። የአሜሪካና የኤውሮፓ ጕምሩክ ሥጋንና የወተት ነገርን ከመንገደኛ ሻንጣ አውጥቶ ይጥላል፤ ቅቤው በጉምሩክ በርሜል ውስጥ ሲጣል ከማየት አለመላክ ይሻላል። ቅቤ በየአገሩ አለ፤ የሚታጣው ማንጠሪያው ቅመም ነው። ስለዚህ ኮሰረቱን፥ ኮረሪማውን፥ በሶብላውንና አብሹን አድርቃችሁ፥ በርበሬውንም በቤታችሁ አስደልዛችሁ አስፈጭታችሁ፥ በየከረጢቱ ላይ ስሙን በግልጽ ጽፋችሁ ላኩ። ከከረጢቶቹ መካከል አያት በእጅዋ የፈተለችው ፈትል ወይም አንዲት ነጠላ ብትገኝ ጕምሩኩ አይነካትም። ዕቃው ከበዓሉ ከሦስት ሳምንት ባላነሰ ጊዜ አስቀድሞ ቢላክ በዋዜማው ይደርሳል፤ ለገና የሚሆነው ግን በነርሱ ገና ምክንያት ፖስታው ስለሚጨናነቅ በኅዳር መጨረሻ ይነሣ።